ባለጉዳይ ሲጠፋ፦ በሥራ ሰዓት ኢንተርኔትን ለራስ ጉዳይ ያለ ጣጣ መጠቀም

ደሴ ላይ ክረምት ሲሆን ከምሳ በኋላ ዝናቡ ይወርድና መስኮቱ ጋ የሚቆም ሰው ይጠፋል። ኮምቦልቻ ደግሞ በበጋ ከስምንት ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰዉን ጥላ ያስይዘዋል። (ሰኞን አትቁጠሩት፤ ደሴ ገበያ ነው።) በዚህ ሰዓት እጅ ወደ ስልክ መሄዱ አይቀርም። ጣጣው ከመክፈቱ አይመጣም፤ የሚመጣው በማን መስመር፣ በማን ማሽን እንደከፈታችሁና ምን ትታችሁ እንደተነሣችሁ ካለማወቅ ነው።

ሕጉን በአጭሩ እንለፈው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። የሥራ ሰዓት የሚባለውም ሥራ የምትሠሩበት ብቻ ሳይሆን ለሥራ ዝግጁ ሆናችሁ የምትገኙበትም ነው። ስለዚህ ባለጉዳይ የሌለበት ሰዓት እረፍት አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ አዋጅ ነው፤ ሁለቱም ጋ ግን ስልክና ዋይፋይን የሚመለከተው ዝርዝር ያለው በመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ደንብ ውስጥ ነው። ደንቡ ዝም ካለ አለቃችሁን በግልጽ ጠይቁ፦ «ባለጉዳይ በማይኖርበት ሰዓት ስልኬን ከዋይፋዩ ጋር ባገናኝ ችግር አለው?» «አብሽር» ካሏችሁ እሰየው፤ ካልሆነም ቁርጡን ማወቁ ይሻላል። በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሼዶች ማሽን ላይ የምትሠሩ፣ የሚከተለው ለእናንተ የሚሆነው በእረፍት ሰዓት ብቻ ነው፤ መርፌና መቁረጫ አጠገብ ስልክ አይያዝም።

መስመሩን የሚበላው ምንድን ነው?

ቢሮው በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት የሚያወርድ መስመር አለው እንበል፤ ስምንት ኮምፒውተር ይጠቀምበታል። አንድ ሰው ዩቲዩብ በ1080 ጥራት ሲከፍት 5 ሜጋ ቢት ገደማ ይወስዳል፤ የመስመሩ ግማሽ ሄደ ማለት ነው። በሰዓት ሲሰላ ከ2 ጊጋ ባይት በላይ ይሆናል። ይኸው ቪዲዮ በ480 ጥራት አንድ ሜጋ ቢት ገደማ ይበቃዋል፣ በሰዓትም ግማሽ ጊጋ ባይት አካባቢ ነው። ድምፁን ብቻ ለሚፈልግ 144 ከበቂ በላይ ነው። ጥራቱን የምትቀይሩት ቪዲዮው ላይ ያለችውን ጥርስ መሰል ምልክት ነክታችሁ ነው። ቲክቶክ ገና ያላያችሁትን ቀጣይ ቪዲዮ አስቀድሞ ስለሚያወርድ፣ አንዱን አይቶ መዝጋት እንኳ ከሚመስለው በላይ ይበላል።

ከቪዲዮ ይልቅ ቢሮውን የሚያንቀው ግን ማንም የማይጠረጥረው ነገር ነው። ስልካችሁ ከዋይፋይ ጋር እንደተገናኘ፣ ባክአፑ ከበራ፣ ጎግል ፎቶስ የቅዳሜውን ሠርግ ፎቶና ቪዲዮ በሙሉ ወደ ላይ መላክ ይጀምራል፤ ፕሌይ ስቶርም «ዋይፋይ ተገኘ» ብሎ ሁሉንም አፕ ያድሳል። ስልኩ ኪስ ውስጥ ነው፣ ማንም አልነካውም። የብዙ ቢሮዎች የመላኪያ አቅም ከማውረጃው ያነሰ ስለሆነ፣ ሦስት ስልክ አንድ ላይ ሲልክ የሒሳብ ክፍሉ ሶፍትዌር ይንጠለጠላል። ከዚያ መስኮቱ ላይ «ሲስተም የለም» ይባላል።

መፍትሔው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ፣ ቀጥሎ ዋይፋይ ግቡና ከቢሮው ኔትወርክ ስም ጎን ያለውን ጥርስ ምልክት ንኩ። ውስጡ «ሚተርድ» የሚል ምርጫ አለ፤ ሳምሰንግ ላይ «ቪው ሞር» ከሚለው ስር ታገኙታላችሁ። እሱን ስታበሩ ስልኩ ያንን ዋይፋይ በገንዘብ እንደተገዛ ዳታ ይቆጥረዋል፤ ፎቶ መላኩና አፕ ማደሱ ይቆማል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ሴቲንግ፣ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ ገብታችሁ በዋይፋይ ጊዜ ቪዲዮና ፋይል በራሱ እንዳያወርድ አጥፉት። የአምስት ግሩፕ አባል የሆነ ሰው ልዩነቱን በዚያው ቀን ያየዋል።

ኢንኮግኒቶ (የብራውዘሩ የግል መስኮት) ከማን ይደብቃል?

ከእናንተ በኋላ እዚያው ወንበር ላይ ከሚቀመጠው ሰው፣ እሱም በከፊል። ኢንኮግኒቶ የሚያደርገው የገባችሁበትን ገጽ ታሪክ ማሽኑ ላይ አለማስቀረት ነው። ያወረዳችሁት ፋይል ግን ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ራውተሩን (ዋይፋዩን የሚያሰራጨውን መሣሪያ) የሚያስተዳድረው ባለሙያ ደግሞ የስልካችሁን መጠሪያ፣ የበላችሁትን ዳታ መጠንና የገባችሁበትን ድረ ገጽ ስም ማየት ይችላል። የቁልፍ ምልክት ያለው ወይም አድራሻው በhttps የሚጀምር ድረ ገጽ ላይ የጻፋችሁትንና ያነበባችሁትን አያይም፤ ስሙን ግን ያያል። ኮምፒውተሩ ላይ መከታተያ ፕሮግራም ከተጫነ ይህ ሁሉ መሸፈኛ ዋጋ የለውም፣ ስክሪኑ ራሱ ይታያል። ቪፒኤን (የኢንተርኔት ጉዞን የሚሸፍን ፕሮግራም) እጭናለሁ የሚል ካለ ይተወው። ነጻ ተብሎ የሚወርደው ብዙ ጊዜ ማስታወቂያና ቫይረስ ይዞ ይመጣል፤ በመሥሪያ ቤት ማሽን ላይ ያለ ፈቃድ ሶፍትዌር መጫን ደግሞ ስልክ ከማየት የከበደ ጥፋት ነው።

ስለዚህ የእኛ ምክር፣ የግል ጉዳይ በግል ስልክና በግል ሲም ይሁን። በኢትዮ ቴሌኮም *999# ደውላችሁ የቀን ወይም የሳምንት ጥቅል መግዛት ትችላላችሁ፤ በሳፋሪኮም *777# ነው። ቪዲዮና የትምህርት ፋይል ማታ ቤት አውርዱት፣ ቀን ያለ ኔትወርክ ተመልከቱት። ገንዘብ ለማንቀሳቀስ ቢሮው ኮምፒውተር ላይ አትግቡ፤ የቴሌብር *127# ኢንተርኔት ጭራሽ አይፈልግም።

የግድ በቢሮው ማሽን ኢሜይል መክፈት ካለባችሁ፣ ክሮም ላይ በስተቀኝ ከላይ ያለችውን ክብ ነክታችሁ «ጌስት» የሚለውን ምረጡ። ይህ የተለየ መስኮት ነው፤ ስትዘጉት የገባችሁበት አካውንትና ታሪክ አብሮ ይጠፋል። በተለመደው መስኮት ጂሜይል ከፍታችሁ «ሲንክ» (አካውንቱን ከማሽኑ ጋር ማዛመድ) ለሚለው ጥያቄ «የስ» ካላችሁ ግን፣ ቤት ያስቀመጣችኋቸው ፓስወርዶች በሙሉ ቢሮው ማሽን ላይ ይሰፍራሉ።

በአሥር ደቂቃ ምን ይሠራል?

ሊቋረጥ የሚችል ነገር ብቻ። ያወረዳችሁት ትምህርት፣ ያልተመለሰ መልእክት፣ ሲቪ ማስተካከል። ፎርም መሙላት ግን አይሆንም፦ መሀል ላይ ባለጉዳይ ሲመጣ ጥላችሁት ትነሣላችሁ፣ ስትመለሱ ገጹ ጊዜው አልፎበት ይጠብቃችኋል፣ ድረ ገጹ የላከላችሁ የማረጋገጫ ኮድም አይሠራም። ለፎርሙ የሚያስፈልገውን መልስ በጭር ሰዓት ስልካችሁ ኖት ላይ ጻፉ፤ መታወቂያውን ስካን አድርጉና መጠኑን አሳንሱ። ከዚያ በምሳ ሰዓት አንድ ጊዜ ተቀምጣችሁ ጨርሱት።

መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱን (ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየውን ባትሪ) ለዚህ አትጠቀሙበት። ትንሹ ዩፒኤስ ለአንድ ዴስክቶፕ የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ እሷም ሥራ ሴቭ አድርጎ ማሽን ለማጥፋት ናት።

ከኩታበር ወይም ከተንታ ማልዶ የተነሣ ሰው መስኮቱ ጋ ሲደርስ ስልኩ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ መቀመጥ አለበት፣ የጆሮ ማዳመጫው ከሁለቱም ጆሮ መውጣት አለበት። «ሲስተም የለም» ተብሎ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ባለጉዳይ በመስታወቱ በኩል ስትስቁ ካየ፣ ሲስተሙ እውነትም ባይኖር ማንም አያምናችሁም። ከጠረጴዛው ላይ ፎቶ ወይም ቪዲዮ አትለጥፉ፤ ከጀርባችሁ የሰው ስምና ስልክ ያለበት ፋይል ይታያል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

11 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ዳውንሎድ ፎልደሩን ተመልከቱ፣ የራሳችሁን ፋይል ከሪሳይክል ቢንም አጥፉት። ቴሌግራም በኮምፒውተሩ ከፍታችሁ ከነበረ መስኮቱን መዝጋት አያስወጣችሁም፤ ስልካችሁ ላይ ሴቲንግ፣ ዲቫይስስ ገብታችሁ ማሽኑን አስወጡት። ዋትስአፕ ላይ «ሊንክድ ዲቫይስስ» ይባላል። ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛውራችሁ የቀድሞው ወንበር ላይ ሌላ ሰው ቢቀመጥም፣ ይህን ካላችሁበት ሆናችሁ በስልካችሁ መጨረስ ትችላላችሁ።