አሊና ታይሰንን ከማጋጠማችሁ በፊት

ደብረ ብርሃን ላይ የታኅሣሥ ውርጭ ሲጠና ሰው ባናውን ደርቦ አረቄ ቤት ይገባል። እኛ ጠረጴዛ ላይ ከሁለተኛው መለኪያ በኋላ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው። ቦክሰኞቹ መሐመድ አሊና ማይክ ታይሰን ቢገጥሙ ማን ያሸንፋል? ስንት ክረምትና በጋ ተከራከርን፤ ስህተቶቹ ግን ያው ናቸው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ዋናው ስህተት ዓመት ሳይቆርጡ ማጋጠም ነው። አሊ ስትሉ የቱ አሊ? የ1966ቱ፣ እግሩ መሬት የማይነካ የሚመስለው? ወይስ በ1980 ከላሪ ሆልምስ ጋር ገጥሞ ከ10ኛው ዙር በኋላ አሰልጣኙ ያስቆመው? ታይሰንም እንደዚያው ነው። በ1988 ማይክል ስፒንክስን በ91 ሰከንድ የዘረረው አንድ ሰው ነው፤ በ1990 ቶኪዮ ላይ በበስተር ዳግላስ የተዘረረው ሌላ። አንዱ ጓደኛችን ሁልጊዜ ወጣቱን ታይሰን ይዞ ይመጣና ያረጀውን አሊ ይሰጠናል። ይሄ ክርክር ሳይሆን ማጭበርበር ነው።

ሁለተኛው የሰንሰለት ሒሳብ ነው። «እገሌ እገሌን አሸንፏል፣ ስለዚህ…» የሚሉት። ባለፈው ሳምንት አንዱ ሦስት መለኪያ ደርድሮ ሊያስረዳን ሞከረ። ይኼ ፍሬዘር ነው፤ በ1971 አሊን በነጥብ አሸነፈ። ይኼ ፎርማን ነው፤ በ1973 ፍሬዘርን በሁለት ዙር ስድስት ጊዜ መሬት አስነካው። እንግዲህ ፎርማን አሊን መጨፍለቅ ነበረበት አይደል? በ1974 ኪንሻሳ ላይ ግን አሊ የመድረኩን ገመድ ተደግፎ ፎርማን እንዲደበድበው ተወው። ፎርማን ሲመታ ሲመታ ክንዱ ዛለ፤ 8ኛው ዙር ላይ ተዘረረ። ፍሬዘር ወደ ፊት እየገፋ ስለሚመጣ ለፎርማን ቡጢ ይመቻል፤ አሊ አይመችም። ነገሩ ጉልበት ሳይሆን የስልት መጋጠም ነው። ሰውዬው ይህን እስኪሰማ ድረስ ፎርማን የተባለው መለኪያ ባዶ ሆኗል።

ሕጉን መርሳትም አለ። በአሊ ዘመን የዋንጫ ግጥሚያ 15 ዙር ነበር። በ1982 ኮሪያዊው ኪም ዱክ ኩ ተደብድቦ ከሞተ በኋላ ነው ወደ 12 መውረድ የጀመረው። ታይሰን ከ12 ዙር ያለፈ ገጥሞ አያውቅም። የኛው የጃቶ ልጅ አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው የገባው። የዛሬውን ጫማ ሳታደርጉለት ከዛሬ ሯጭ ጋር ታወዳድሩታላችሁ?

ክብደትም አይረሳ። ሮኪ ማርሲያኖ 49 ገጥሞ 49 አሸንፏል፤ ግን ክብደቱ 85 ኪሎ ገደማ ነበር። 2 ሜትር ከ6 ሳንቲም የሆነው ሌላው ቦክሰኛ ታይሰን ፉሪ ፊት ስታቆሙት ቢያንስ አስቡበት።

እኔን ከጠየቃችሁኝ የ1966ቱ አሊ ከ88ቱ ታይሰን ጋር፣ በ15 ዙር። የመጀመሪያዎቹን አራት ዙሮች ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማያቸው። ከዚያ በኋላ ግን 1 ሜትር ከ91ዱ አሊ ከ1 ሜትር ከ78ቱ ታይሰን ርቆ በግራ እጁ ይለቅማል። ጓደኛችን አሁንም አልተስማማም፤ ሌላ መለኪያ አዟል።