ናፍጣ ላይ የሚጨመር ጠርሙስ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ኪስ የሚያራግፉ ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት በጠዋቱ አዳማ ውስጥ አንድ መለዋወጫ ሱቅ ቆሜ የአይሱዙዬን የናፍጣ ፊልትሮ እስኪያመጡልኝ እጠብቅ ነበር። ከፊቴ አንድ ወጣት የሚኒባስ ሹፌር ሦስት ጠርሙስ የኖዝል (ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው ዕቃ) ማጽጃ ገዛ። ባለሱቁ "ፊልትሮስ?" ሲለው "ለሚቀጥለው ወር ይሁን፣ አሁን ብር የለኝም" ብሎ ወጣ። ነገሩ ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ። ልጁ ያንን ሁሉ ብር ያወጣው ለመኪናው አስቦ ነው። ግን መቅደም ያለበትን ትቶ መከተል ያለበትን አስቀደመ።

እኔ ከአዳማ ወደ መተሐራና ወደ ባቱ ጭነት ሳመላልስ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ከዚህ በታች ከምጽፋቸው ስህተቶች ብዙዎቹን ራሴ ሠርቼያቸዋለሁ፤ ዋጋቸውንም ከፍያለሁ። በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ እጃችን ላይ ያለውን ሞተር አክርሞ መያዝ ግድ ሆኗል። ስለዚህ ብራችንን የት እንደምናውለው እንነጋገር።

"የእገሌ ማደያ ናፍጣ ይለያል" ብሎ መሰለፍ

አውሮፓ ውስጥ አንድ ማደያ ላይ ተራ ናፍጣና ውድ ናፍጣ ጎን ለጎን ይሸጣሉ። ሼል ውዱን "ቪ-ፓወር" ይለዋል፣ ቢፒ ደግሞ "አልቲሜት"። በአብዛኛው የሁለቱም መሠረት ያው ናፍጣ ነው። ውዱን የሚለየው በርከት ብሎ የሚገባበት ቅመም ነው። ኖዝል የሚያጸዳ፣ ቶሎ እንዲቀጣጠል የሚያደርግ፣ አረፋ የሚቀንስ፣ ዝገት የሚከላከል ይጨመርበታል።

እኛ ጋ ነገሩ ሌላ ነው። ናፍጣው በዋናነት በአንድ የመንግሥት ድርጅት ተገዝቶ፣ በጅቡቲ በኩል በቦቴ ተጭኖ ይመጣል። ዋጋውንም የሚተምነው መንግሥት ነው። የማደያው ቀለምና ስም ይለያያል እንጂ ቦቴው የሚያራግፈው ያው ነው።

ታዲያ ማደያ መምረጥ ዋጋ የለውም? አለው። ልዩነቱ ያለው መሬት ውስጥ በተቀበረው ታንክ ላይ ነው። ታንኩ ውኃ ያስገባል ወይስ አያስገባም? ይጸዳል ወይስ አይጸዳም? ብዙ መኪና የሚቀዳበት ማደያ ናፍጣው ቶሎ ቶሎ ስለሚታደስ ይሻላል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ቦቴ እያራገፈ ካያችሁ አትቅዱ። ታንኩ ሥር የተኛው ቆሻሻና ውኃ ያን ጊዜ ይበጠበጣል። ትንሽ ቆይታችሁ ተመለሱ፣ ወይም ወደ ሌላ ማደያ ሂዱ።

ጠርሙሱ ጉልበት ይጨምራል ብሎ ማመን

ጠርሙሱ ላይ "ሴቴን ይጨምራል" የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ሴቴን ማለት ናፍጣው ሲሊንደር ውስጥ ከተረጨ በኋላ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚቀጣጠል የሚለካበት ቁጥር ነው። የአውሮፓ ደረጃ ቢያንስ 51፣ የአሜሪካ ደረጃ ደግሞ ቢያንስ 40 ይጠይቃል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ሞተሩ በጠዋት ቶሎ ይነሳል፣ ድምፁም ይለሰልሳል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ሊትር ናፍጣ ውስጥ ያለውን ኃይል አይጨምርም።

አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከጅቡቲ ወደብ ጋር ሲነጻጸር 15 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ ዕቃ) የሌላቸው አሮጌ ሞተሮች ዳገት ላይ የሚደክሙት ለዚህ ነው። የሚያንሳቸው አየር ነው፤ አየር ደግሞ በጠርሙስ አይገዛም።

በአንድ ጉዞ ለክቶ "ቆጠበልኝ" ማለት

ይህ በብዛት የምሰማው ስህተት ነው። አንድ ጓደኛዬ አዲስ አበባ ላይ ጠርሙሱን ጨምሮ በፈጣን መንገዱ አዳማ ደረሰ። ከዚያ ደወለልኝ። "ስማኝ፣ የናፍጣ ጌጁ ንቅንቅ አላለም እኮ!"

እንዴት ይነቃነቃል? ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ያለው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በጠቅላላው ቁልቁለት ነው። አዲስ አበባ ከአዳማ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ቁልቁል ሲወርዱ ማንኛውም መኪና ይቆጥባል። በማግሥቱ ሲመለስ ደውዬ ጠየቅኩት። ጌጁ እንዴት እንደወረደ ራሱ ነገረኝ።

መለካት ከፈለጋችሁ እንዲህ አድርጉ። አንድ ማደያ፣ አንድ ፓምፕ ምረጡ። ሞልታችሁ ቅዱ፤ መቅጃው በራሱ ሲያቆም እናንተም አቁሙ፣ አትጨምሩበት። ደርሶ መልስ ሂዱና እዚያው ፓምፕ ላይ እንደገና ሙሉ። የገባውን ሊትር በሄዳችሁበት ኪሎ ሜትር አስሉት። ያለ ጠርሙስ ሦስት ደርሶ መልስ፣ በጠርሙስ ሦስት ደርሶ መልስ። ጭነቱ ተቀራራቢ፣ የጎማው ንፋስ እኩል ይሁን። የጎማ ንፋስ ማነሱ ብቻውን ስሌቱን ሊያበላሸው ይችላል።

ከዚያ ወደ ሒሳቡ ግቡ። ለስሌት እንዲቀል ናፍጣው በሊትር 120 ብር ነው እንበል። ጠርሙሱ 900 ብር ሆኖ ለ60 ሊትር የሚበቃ ይሁን። 60 ሊትር ናፍጣ 7,200 ብር ነው። ጠርሙሱ ዋጋውን ብቻ ለመመለስ 12.5 በመቶ መቆጠብ አለበት። ከስምንት ሊትር አንድ ሊትር ማለት ነው! እሺ፣ 3 በመቶ ቆጠበ እንበል። 216 ብር ተረፋችሁ፣ 684 ብር ደግሞ ከሰራችሁ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ባለፉት አሥርት ዓመታት "ነዳጅ ይቆጥባሉ" የተባሉ ከ100 በላይ ዕቃዎችን ፈትሾ የነዳጅ ፍጆታን ጉልህ በሆነ መጠን የሚቀንስ አላገኘም። እናንተም ጠርሙሱ ላይ ያለውን ዋጋ ይዛችሁ ይህንኑ ስሌት ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ በስልካችሁ ሥሩት።

ጭስ ባያችሁ ቁጥር ጠርሙስ መክፈት

ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል ማለት ነው። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ እዩ። በመተሐራ መንገድ የሚሠራ መኪና ፊልትሮው ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ የናፍጣ ቅመም አይመለከተውም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ደግሞ ወይ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፣ ወይ የራዲያተር ውኃ ሲሊንደር ውስጥ ገብቷል። እሱ ካጋጠማችሁ ዛሬውኑ ጋራዥ ግቡ።

ውኃን በጠርሙስ ለማስወጣት መሞከር

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልጻፍ፤ እኔን ያከሰረኝ ይኼ ነው።

ናፍጣ ጠፍቶ ማደያዎቹ በሰልፍ ተጨናንቀው የነበረ ጊዜ ነው። ጭነቱ ቲማቲም ስለነበር መቆም አልቻልኩም። መንገድ ዳር ከጀሪካን 40 ሊትር ገዛሁ። ወለንጪቲን ሳላልፍ ሞተሩ መንገጫገጭ ጀመረ። "ውኃ ያስወግዳል" የተባለ ጠርሙስ ነበረኝና ሙሉውን ጨመርኩበት። ለጥቂት ሰዓት ተሻለው። በሦስተኛው ቀን ጭራሽ አልነሳም አለ።

አዳማ ያሉ አንድ ሽማግሌ ፖምፒስታ ጋ ወሰድኩት። ፓምፕና ኖዝል ሲጠግኑ ነው ዕድሜያቸውን የፈጁት። ከፊልትሮው ሥር ቀድተው ብርጭቆ ውስጥ ጨመሩትና ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው ያዙት። እንደ ወተት ደፍርሷል። ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡትና ሻይ አዘዙ። ሻዩን ጠጥተን ስንጨርስ ብርጭቆው ሥር ሁለት ጣት የሚሆን ውኃ ቁጭ ብሏል፤ ናፍጣው ከላይ ተንሳፍፏል።

"ምን ጨምረህበት ነበር?" አሉኝ።

ነገርኳቸው።

"ልጄ፣ ውኃውን ያስወጣኸው መስሎህ ነው እንጂ ከናፍጣው ጋር ደባልቀህ ፓምፑን አጠጣኸው።"

"ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብኝ፣ ጋሼ?"

"ይቺን መፍታት ነዋ!" ብለው ፊልትሮው ሥር ያለችውን ትንሽ ብሎን በጣታቸው አሳዩኝ።

በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ውኃን እናስወግዳለን የሚሉ ቅመሞች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ውኃውን አድቅቆ ከናፍጣው ጋር ያዋህደዋል፤ ውኃው በኖዝል በኩል ያልፋል ማለት ነው። ሌላው ውኃውን ከናፍጣው ለይቶ ወደ ታች ያወርደዋል፤ እናንተ ታስወጡታላችሁ። ሁለተኛው ይሻላል። ግን እሱም ቢሆን ብሎኗን ካልፈታችሁ ምንም አይሠራም።

ኮመን ሬል (ናፍጣውን ከአንድ የጋራ ቧንቧ በከፍተኛ ግፊት ለኖዝሎቹ የሚያከፋፍል) ያለው መኪና ከያዛችሁ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል። የድሮዎቹ ባለ ሜካኒካል ፓምፕ ሞተሮች ኖዝል በ200 ባር አካባቢ ነው የሚከፈተው። ብዙዎቹ ኮመን ሬሎች ውስጥ ግን ግፊቱ ከ1,600 ባር ያልፋል። የኖዝሉ ቀዳዳ ስፋት ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብዙም አይበልጥም። በዚያች ቀዳዳ ውኃ በዚያ ግፊት ሲያልፍ ብረቱን ይበላዋል።

ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት፣ ሞተር ሳታስነሱ፣ ውኃው ሌሊቱን ረግቶ ባለበት ሰዓት ብሎኗን ላላ አድርጉ። ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ በዕቃ ተቀበሉት፤ መሬት ላይ አትድፉት። ከዚያ አጥብቃችሁ በእጅ ፓምፑ አየሩን አስወጡ። ማታ ስትገቡ ታንኩን ሞልታችሁ እደሩ። ግማሽ የሆነ ታንክ ውስጥ ያለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ወደ ጠብታ ይለወጣል። በክረምት ደግሞ ይበዛል።

ላምባ፣ ቤንዚን ወይም የተቃጠለ ዘይት መቀላቀል

በአጭሩ፦ አታድርጉት። ናፍጣ ፓምፑን ያለሰልሳል፤ የፓምፕ ዘይቱ ራሱ ናፍጣው ነው። ላምባና ቤንዚን ይህን ቅባትነት ይቀንሳሉ፣ ብረት ከብረት ይፋጫል። በስህተት ቤንዚን ከተቀዳላችሁ ቁልፉን አትንኩ፤ መኪናውን ገፍታችሁ ዳር አውጡና ታንኩን አራግፉ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ደግሞ የብረት ብናኝና ጥላሸት የተሸከመ ነው። "ያለሰልሳል" እያሉ የሚጨምሩ ሰዎች አውቃለሁ። ያንን ብናኝ በገዛ እጃቸው ኖዝላቸው ውስጥ እየከተቱት ነው።

የበረዶ አገር ዕቃ መግዛት

"ጸረ-መርጋት" የሚል ጽሑፍ ያለበት ጠርሙስ አዳማ ሱቆች ውስጥ አይቻለሁ። ናፍጣ ሰም አውጥቶ ፊልትሮ የሚደፍነው ቅዝቃዜው ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋና ከዚያ ሲወርድ ነው። ለካናዳ ሹፌር ሕይወቱ ነው። አዳማ ላይ ግን ምን ይሠራል?

ቆሻሻ ታንክ ላይ ማጽጃ ጨምሮ ፊልትሮ አለመቀየር

ደህና ማጽጃ ሥራውን ይሠራል። ለዓመታት የተጣበቀውን ቆሻሻ ያላቅቀዋል። የተላቀቀው ግን የትም አይጠፋም፤ ፊልትሮው ላይ ይከማቻል። መኪናው በማግሥቱ ዳገት ላይ ሲያቅተው "ማጽጃው ገደለብኝ" ይባላል። አሮጌ መኪና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጠቀሙ ከሆነ ያ ታንክ ሲያልቅ ፊልትሮውን ቀይሩ። ጠርሙሱንም ከመቅዳታችሁ በፊት ጨምሩት፣ ናፍጣው ሲገባ በደንብ ይደባልቀዋል። መጠኑን እጥፍ አታድርጉ፤ ሁለት እጥፍ መጨመር ሁለት እጥፍ አያጸዳም።

ጨርሶ አይጠቅምም ማለት

ይህም ስህተት ነው። ከተማ ውስጥ ብቻ አጭር አጭር መንገድ የሚሠራ፣ ቆሞ ሲያጓራ የሚውል ኮመን ሬል መኪና ኖዝሉ ጥላሸት ይይዛል። እንዲህ ላለው በየተወሰነ ሺህ ኪሎ ሜትር አንድ ጠርሙስ ጥሩ ማጽጃ ተገቢ ወጪ ነው። ኖዝል ማስቀየር ስንት እንደሚያስወጣ የሚያውቅ ያውቀዋል። ለድሮዎቹ የቶዮታ ባለ ሜካኒካል ፓምፕ ሞተሮች፣ ለ2ኤል፣ ለ3ኤል፣ ለ5ኤል ግን እኔ በግሌ ያንን ብር ፊልትሮ ላይ ነው የማውለው።

ሌላው ጄኔሬተር ነው። ለወራት ቆሞ በሚከርም ናፍጣ ውስጥ፣ ውኃውና ናፍጣው በሚገናኙበት ቦታ፣ ባክቴሪያና ሻጋታ ይራባሉ። ጥቁር ንፍጥ የመሰለ ነገር ሆኖ ፊልትሮውን ይደፍነዋል። አዳማ ሙቀቷ ለእነሱ ይስማማቸዋል። ለዚህ መጀመሪያ ውኃውን ማውጣት፣ ከዚያ ተሕዋስያኑን የሚገድል ቅመም መጨመር ነው።

ስትገዙ ባለሱቁን አንድ ነገር ጠይቁት፦ "ይሄ ለምን ችግር ነው?" "ለሁሉም ነው" ካላችሁ ተዉት። ማሸጊያውን እዩ፣ ለስንት ሊትር እንደሚበቃ አንብቡ።

እኔ ዘንድሮ የገዛሁት ጠርሙስ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ለእህቴ ዳቦ ቤት ጄኔሬተር። አይሱዙው ውስጥ ግን ከመሪው አጠገብ አንድ ትርፍ ፊልትሮ፣ ባለ 10 ቁልፍና ሽማግሌው የሰጡኝ ያቺ ብርጭቆ ሁልጊዜ አሉ።