ለብርሃን ምላሽ የሚሰጡ የባሕር ቀንድ አውጣዎችን ስናጠና ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ያሉ የባዮሎጂ ተማሪዎች የብርሃን አስተጻምሮን (ተክሎች በብርሃን ምግብ የሚሠሩበትን ሂደት) ምዕራፍ ሲያገባድዱ፣ ከአልጌ በወሰደው ክሎሮፕላስት፣ ማለትም ይህ ሂደት በሚካሄድበት የሕዋስ ክፍል፣ የሚጠቀም ቅርፊት የለሽ የባሕር ቀንድ አውጣ እንዳለ ቢሰሙ መደነቃቸው አይቀርም። አስቸጋሪው ነገር እንስሳው ለብርሃን የሚያሳየው ምላሽ ሁሉ በብርሃን ለመኖሩ ማስረጃ ተደርጎ መወሰዱ ነው።

አንደኛው ስህተት እንስሳውን «ግማሽ ተክል» ማለት ነው። በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ የምትኖረው ኤሊዥያ ክሎሮቲካ ስትፈለፈል አረንጓዴ አይደለችም። ቮቼሪያ የተባለውን አልጌ ሕዋስ ወግታ ይዘቱን ስትመጥጥ ሌላው ይፈጫል፤ ክሎሮፕላስቱ ግን በምግብ መፍጫዋ ሕዋሳት ውስጥ ይቀራል። ለልጆቿ ስለማይተላለፍም እያንዳንዱ ትውልድ በልቶ ያገኘዋል። የአልጌው ጂን ወደ እንስሳዋ ዘረመል ተሻግሯል የሚለው እ.ኤ.አ. በ2008 የቀረበ ሐሳብ ዛሬም ይጠቀሳል፤ ነገር ግን በ2013 የእንቁላሏ ዲኤንኤ ሲመረመር የሚደግፈው ማስረጃ አልተገኘም።

ብርሃን በበዛ መጠን ጥቅሙ ይበዛል ብሎ መገመት ከሁሉም ይበልጥ የተለመደ ሳይሆን አይቀርም። በሜዲትራኒያን ባሕር የምትገኘው ኤሊዥያ ቲሚዳ በመጠነኛ ብርሃን የጎን ክንፎቿን ትዘረጋለች፤ ብርሃኑ ሲበረታ ግን አጥፋ ትከድናቸዋለች። ኃይለኛ ብርሃን የክሎሮፕላስቱን ብርሃን ሰብሳቢ ክፍል ይጎዳል፤ በተክልና በአልጌ ውስጥ ለጥገናው ከሚያስፈልጉት ፕሮቲኖች ብዙዎቹ የሚሠሩት በሕዋሱ ኒውክለስ (ዋናውን ዘረመል በሚይዘው ክፍል) ትእዛዝ ሲሆን፣ ቀንድ አውጣዋ የአልጌውን ኒውክለስ ይዛ አልቀረችም። ስለዚህ መከደኗ ብርሃንን መጥላት ሳይሆን፣ በቀላሉ የማይተካውን ክሎሮፕላስት መጠበቂያ እንደሆነ መረዳት ይቻላል። ግንኙነቱን በግራፍ የሚያሳይ ተማሪም ያለማቋረጥ ሽቅብ የሚወጣ ቀጥ ያለ መስመር መሳል የለበትም።

ወደ ብርሃን መሄድን እንደ ምግብ ፍለጋ መቁጠርም ያሳስታል። እነዚህ እንስሳት በጭንቅላታቸው ላይ ሁለት ዓይኖች አሏቸው፤ የእሳት እራትም ክሎሮፕላስት ሳይኖራት ወደ ኩራዝ ትበራለች።

ያለ ምግብ ረጅም ጊዜ መቆየት ራሱ በፀሐይ ለመኖር ማረጋገጫ ነው የሚለው ግን ጠለቅ ያለ ጥንቃቄ ይሻል። ኤሊዥያ ክሎሮቲካ ሳትመገብ ለበርካታ ወራት ትቆያለች። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት፣ ኤሊዥያ ቲሚዳና ሌላ ዝርያ በጨለማ ተቀምጠውም ሆነ የብርሃን አስተጻምሮን በሚገታ ኬሚካል ተይዘው ለወራት በሕይወት ቆይተዋል። ከዚህ ተነሥቶ ክሎሮፕላስቱ ምንም አይጠቅምም ማለት ደግሞ ተቃራኒው ስህተት ይሆናል። በ2021 በታተመ ሌላ ጥናት እጅግ ደካማ ብርሃን ውስጥ የቆዩ ኤሊዥያ ቲሚዳዎች የጣሏቸው እንቁላሎች ቀንሰዋል። ለመኖርና ለመራባት የሚያስፈልገው ነገር አንድ አይደለምና ጥያቄዎቹ ተለያይተው ሊቀርቡ ይገባል።

በመጨረሻም የሙከራ ዕቅድ የሚነድፉ ተማሪዎች ቀንድ አውጣ ከያዙት የውኃ ዕቃዎች አንዱን በመስኮት ፀሐይ፣ ሌላውን በቁም ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ በቂ ይመስላቸዋል። በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ቀኑ ፀሐያማ ሆኖ ጥላው በሚቀዘቅዝበት በጥቅምትና በኅዳር፣ በመስኮቱ አጠገብ ያለው ውኃ ብርሃንን ብቻ ሳይሆን ሙቀትንም ይቀበላል። ልዩነቱ ከየትኛው እንደመጣ ለመለየት ዕቃዎቹ በእኩል ሙቀት መቆየት፣ በጨለማና በኃይለኛ ብርሃን መካከልም ቢያንስ አንድ መጠነኛ ደረጃ መኖር አለበት።