በአንድ ካውንቲ ገበሬዎች የወሰዱትን የኮሮና ድጎማ እንዴት ማጣራት ይቻላል?

በሚያዝያ 2012 ዓ.ም (ኤፕሪል 2020) አሜሪካ፣ ሚኔሶታ ግዛት ውስጥ ዎርቲንግተን ከተማ ያለው ትልቁ የአሳማ ማረጃ በኮሮና ምክንያት ተዘጋ። እዚያ ስጋ ሲቆርጡ ከሚውሉት መካከል የሀገራችን ልጆችም አሉ። ማረጃው ሲዘጋ አሳማው አርቢው ጋ ቀረ። ማቆያ ስለጠፋ ብዙ አሳማ ተገድሎ ተጣለ። መንግሥት ለአርቢዎች ገንዘብ ከፈለ። ማን ስንት ወሰደ? ከተማዋ ያለችበትን ኖብልስ ካውንቲን (ካውንቲ እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር ነው) ይዘን እንየው። ሌላም ካውንቲ ቢሆን አሠራሩ ያው ነው።

መጀመሪያ ገንዘቡ በየትኛው በር እንደወጣ ለዩ። አንደኛው ሲፋፕ (CFAP) ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በቀጥታ የሰጠው ድጎማ ሲሆን የመጀመሪያው ዙር 16 ቢሊዮን፣ በመስከረም የታወጀው ሁለተኛው ደግሞ እስከ 14 ቢሊዮን ዶላር ተመድቦለት ነበር። ሌላው ፒፒፒ (PPP) ነው። ይሄኛው በባንክ በኩል የመጣ ብድር ነው፤ በደንቡ መሠረት ለደመወዝና ለመሳሰለው ካዋሉት ይሰረዝ ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ደምሮ «ይህን ያህል ተሰጣቸው» የሚል ሰው አይጠፋም። ስህተት ነው።

ቀጥሎ የፒፒፒን ፋይል ከአነስተኛ ንግዶች አስተዳደር የዳታ ገጽ አውርዱ። በኤክሴል ከፍታችሁ ካውንቲውን አጣሩ። ከዚያ የዘርፍ ኮዳቸው በ111 (ሰብል) እና በ112 (እንስሳት) የሚጀምሩትን ብቻ አስቀሩ። የአሳማ እርባታ 112210 ነው። የተበደሩትን ሳይሆን የተሰረዘላቸውን መጠን የያዘውን ዓምድ ተመልከቱ።

እዚህ ላይ 20,833 የሚል ቁጥር እየደጋገመ ሲመጣ አትደንግጡ። ቁጥሩ ብቻውን የማጭበርበር ምልክት አይደለም። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ጣሪያው እሱ ነበር፤ የዓመት ገቢ 100,000 ዶላር ለ12 ወር ተካፍሎ በ2.5 ወር ሲባዛ። መጀመሪያ ላይ ብድሩ የሚሰላው በተጣራ ትርፍ ስለነበር በወረቀት ላይ ኪሳራ ያሳየ ገበሬ ምንም አያገኝም ነበር። በ2020 መጨረሻ የወጣው ሕግ ጠቅላላ ገቢው እንዲታይ ፈቀደ።

ለሲፋፕ የእርሻ አገልግሎት ኤጀንሲው በየዓመቱ የሚያወጣውን የክፍያ ፋይል ፈልጉ። ፋይሉ ከከበዳችሁ ኢደብሊውጂ (EWG) የሚባለው ድርጅት የእርሻ ድጎማዎችን በካውንቲ ከፋፍሎ አስቀምጧል። 2020ን ብቻ አይታችሁ አትተዉት፤ ክፍያው 2021ም ቀጥሏል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ደረስን፦ አድራሻው። የሲፋፕ ክፍያ ፋይሉ ላይ ያለው አድራሻ የተቀባዩ የፖስታ አድራሻ ነው እንጂ መሬቱ ያለበት ቦታ አይደለም። መሬቱ ኖብልስ፣ ባለቤቱ ሚኒያፖሊስ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ባል፣ ሚስትና ኩባንያቸው በየስማቸው ሊመጡ ይችላሉ። በአንድ የሲፋፕ ዙር የአንድ ሰው ጣሪያ 250,000 ዶላር ነበር፤ ሦስት ባለድርሻዎቹ እርሻው ላይ በደንብ የሚሠሩለት ኩባንያ ግን እስከ 750,000 ይደርስ ነበር። ስለዚህ ትልቅ ቁጥር ስታዩ ስም ከማጥፋታችሁ በፊት ይህን አረጋግጡ።

በመጨረሻ ቁጥሩን በራሳችሁ ፈትሹት። በመጀመሪያው ዙር ከጃንዋሪ 15 እስከ ኤፕሪል 15 ለተሸጠ አንድ ደለብ ያለ አሳማ 18 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ እስከ ሜይ 14 በረት ላለው 17 ዶላር ይታሰብ ነበር። 1,000 ሸጦ 1,000 በረት የያዘ ሰው 35,000 ዶላር ይደርሰው ነበር። መጀመሪያ የተለቀቀው 80 በመቶው ስለሆነ ፋይሉ ላይ 28,000፣ ቆይቶ ደግሞ 7,000 ተለያይተው ብታገኟቸው የአንድ ሰው ክፍያ ናቸው።