ከአያት የወረደ የፋርስ ምንጣፍ እቤት እንዴት ይታጠባል?

በእጅ የተቋጠረ የካሻን ወይም የታብሪዝ ምንጣፍ በኢራን ቤተሰቦች ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ይወርዳል። ዘመን ያልጎዳውን ምንጣፍ የተሳሳተ አስተጣጠብ በአንድ ቀን ያበላሸዋል። የሐር ከሆነ፣ ወይም ሲታጠፍ ጀርባው ከተንኮሻኮሸ፣ ለባለሙያ ይስጡት። ይህ ለሱፍ ምንጣፍ ነው።

መጀመሪያ አቧራውን ያራግፉ። በፊቱ ደፍተው ጀርባውን በመዳፍ ይምቱ፤ ከዚያ ገልብጠው፣ የሚሽከረከረውን ብሩሽ አጥፍተው በቫክዩም ይጥረጉ። ዘርፉን ግን ቫክዩም አይንካው። ዘርፉ የድሩ ጫፍ ስለሆነ ከተበጠሰ ቋጠሮዎቹ ከዳር መፈታት ይጀምራሉ።

ከባዱ ሥራ ቀለሙን መፈተን ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ከዕፅዋት ቀለም ጎን የፋብሪካ ቀለምም ስለገባ፣ አንዱ ቀይ ሲጸና ሌላው ይለቃል። በ10 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ 2 የሾርባ ማንኪያ ለሱፍ የተሠራ ለስላሳ ሳሙና ይበጥብጡ። ነጭ የጥጥ ጨርቅ ነክረው፣ ጨምቀው፣ እያንዳንዱ ቀለም ላይ ለየብቻ 5 ደቂቃ ተጭነው ይያዙ። በውኃ ብቻ መሞከር አይበቃም፤ ውኃ ያልነካውን ቀለም ሳሙና ሊያስለቅቀው ይችላል። በኋላ የተጠገነ ቦታ ካለ እሱንም ይፈትኑ፤ የጥገናው ክር በሌላ ቀለም የተነከረ ሊሆን ይችላል። ጨርቁ ትንሽ እንኳ ሮዝ ካለ ወይም ሌላ ቀለም ከያዘ እዚህ ላይ ያቁሙ። ወደ ነጩ ሱፍ የገባ ቀይ ከደረቀ በኋላ በቀላሉ አይወጣም።

ቀለሙ ከጸና፣ በስፖንጅ ጸጉሩ ወደተኛበት አቅጣጫ ላይ ላዩን ይጠቡ፤ አይዘፍዝፉት። በረኪናና የልብስ ዱቄት ሳሙና ሱፍ ስለሚጎዱ ፈጽሞ አይጠቀሙባቸው። ማለቅለቂያው 10 ሊትር ውኃ በግማሽ ኩባያ ነጭ ኮምጣጤ ነው።

ማድረቁን አይናቁት። በቴህራን አጠገብ ሬይ ላይ፣ በቼሽሜ አሊ ምንጭ የታጠቡ ምንጣፎች ዓለት ላይ ይሰጡ ነበር፤ ደረቁ አየር ይረዳቸው ነበር። አፓርታማ ውስጥ ግን ፊቱ ደርቆ ውስጡ ያለው የጥጥ ድር እርጥብ ሆኖ ይቀራል፣ ይበሰብሳልም። አግዳሚ እንጨቶች ላይ ዘርግተው ከሥር በፋን አየር ይስጡት። እርጥቡን ገመድ ላይ አይስቀሉት፤ ክብደቱ ቅርጹን ያጣምመዋል። ጀርባውን ሲዳስሱ ቅዝቃዜ ከተሰማዎት ገና አልደረቀም።

ሲያስቀምጡት በጥጥ አንሶላ ይጠቅልሉት እንጂ አያጥፉት፤ ፕላስቲክም አያልብሱት። ብል ከገባበትና ምንጣፉ ትንሽ ከሆነ፣ በደረቁ በላስቲክ አሽገው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር 1 ሳምንት ያቆዩት፤ ላስቲኩን የሚፈቱት ከወጣ ከ24 ሰዓት በኋላ ነው።