ብሮውዘር ሲቀይሩ ሞተሩን ይመልከቱ
አንድ ገጽ በክሮም አልከፈት ሲልዎ ወደ ኤጅ፣ ኦፔራ ወይም ብሬቭ መዛወር ብዙ ጊዜ ለውጥ አያመጣም፤ ማይክሮሶፍት በ2020 እ.ኤ.አ. የኤጅን የራሱን ሞተር (ገጽን አንብቦ በስክሪን ላይ የሚያሳየውን የብሮውዘር ውስጣዊ ክፍል) ትቶ የክሮም መሠረት የሆነውን ክሮሚየምን ከያዘ ወዲህ፣ በኮምፒውተር ላይ አራቱም የሚሠሩት በዚያው መሠረት ነውና። ፉክክሩ በስም የሰፋውን ያህል በውስጡ ጠባብ ነው። ስለዚህ ለሙከራ የሚሻለው ጌኮ የተባለ የራሱ ሞተር ያለውን ፋየርፎክስን በኮምፒውተር መክፈት ነው።

ፍላጎትዎ የሞባይል ዳታ መቆጠብ ከሆነ ግን፣ ኦፔራ ሚኒ ገጾችን በራሱ ሰርቨሮች ጨምቆ ስለሚልክ የብዙዎች ምርጫ መሆኑ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ከፍተኛው የቁጠባ ስልት ሲበራ የሚልኩትና የሚቀበሉት መረጃ በኩባንያው ሰርቨር ላይ ምስጠራው ተፈትቶ ስለሚያልፍ፣ የባንክ ሒሳብዎን በሌላ ብሮውዘር ይክፈቱ።