ከሱሉልታ ሆኖ አስትሮይድ ማደን

ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ በብር ኮከብ በስማችን ይሰየማል አሉ» ሲሉኝ መልሴ አንድ ነው፦ ብራችሁን ያዙ። ያንን ሰርተፍኬት ከሻጩ በቀር የሚያውቀው የለም። አስትሮይድ (ፀሐይን የሚዞር፣ ከፕላኔት ያነሰ ዓለታማ አካል) ግን በላብ እንጂ በብር ስም አይወጣለትም።

ቴሌስኮፕ የግድ አይደለም። እንጦጦ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ ለእኛ ለሱሉልታዎች ላፕቶፕና ዳታ ይበቃናል። ዓለም አቀፉ የአስትሮይድ ፍለጋ ዘመቻ ቡድኖችን በነፃ ይመዘግባል። ሃዋይ ባለው ፓን-ስታርስ በሚባል ቴሌስኮፕ የተነሱ ፎቶዎችንም ይሰጣል። አስትሮሜትሪካ የሚባለውን ሶፍትዌር ዊንዶውስ ላይ ጫኑ። ፎቶዎቹን በሌሊት ፓኬጅ አውርዱ፣ መብራት ካለ።

በደቂቃዎች ልዩነት የተነሱ አራት ፎቶዎች ይደርሷችኋል፣ ሁሉም የአንድ የሰማይ ክፍል። እያፈራረቃችሁ እዩ። ከዋክብቱ ንቅንቅ አይሉም። አንዲት ደብዛዛ ነጥብ ግን ከፎቶ ፎቶ ፈቀቅ ትላለች። ይሄኔ አትቸኩሉ። መስመሯ ቀጥ ያለ ነው? እርምጃዋ እኩል ነው? ክብ ናት? ድምቀቷ አይዋዥቅም? አንዱ ፎቶ ላይ ብቻ ብልጭ ብላ ከጠፋች የካሜራው ጉድፍ ናት፣ እለፏት። ልጆች በብዛት የሚሸወዱት በእሷ ነው።

ነጥቧ ይህን ፈተና አልፋ አዲስ አስትሮይድ ሆና ከተገኘች ጊዜያዊ መለያ ይሰጣታል። አነባበቡን በ1432 ኢትዮጵያ እንየው። አዎ፣ እንዲህ የምትባል አስትሮይድ አለች! ሲሪል ጃክሰን ጆሃንስበርግ ሆኖ ያገኛት ሐምሌ 25 ቀን 1929 (በፈረንጅ ኦገስት 1 ቀን 1937) ነው፤ ጣልያን አዲስ አበባን በያዘበት ዘመን መሆኑ ነው። የመጀመሪያ መለያዋ «1937 ፒጂ» ነበር። ዓመቱ የፈረንጅ ነው። ፒ የኦገስት የመጀመሪያ አጋማሽ ማለት ነው፤ በወር ሁለት ፊደል ይመደባል፣ አይ ብቻ ትዘለላለች። ጂ ደግሞ በዚያ አጋማሽ ሰባተኛዋ ናት ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው መጠበቅ ነው። በማርስና በጁፒተር መካከል ያሉት አስትሮይዶች ፀሐይን አንዴ ለመዞር በአብዛኛው ከ3 እስከ 6 ዓመት ይፈጅባቸዋል። ምህዋሯ በአስተማማኝ ሁኔታ እስኪታወቅ በተለያዩ ዓመታት ደጋግማ መታየት አለባት። ያኔ እንደ 1432 ያለ ቋሚ ቁጥር ታገኛለች፤ አግኚውም ስም ለማቅረብ 10 ዓመት ይሰጠዋል።

ስሙ በላቲን ሲጻፍ ከ16 ፊደል አይብለጥ፣ ቢቻል አንድ ቃል ይሁን። በፖለቲካ ወይም በጦርነት የታወቀ ሰው ከሞተ 100 ዓመት መሙላት አለበት። የንግድ ስም አይታሰብም። የቤት እንስሳ ስምም አይበረታታም፤ ለውሻው ለቦቢ ያሰበው ተማሪዬ ይቅር ይበለኝ። የሚያጸድቀው የዓለም አቀፉ አስትሮኖሚ ኅብረት ኮሚቴ ነው። ስሙን ስትልኩ ለምን እንደመረጣችሁት አጭር ማብራሪያ አያይዙ።